የአለቃ ደግነት ውል አይሆንም፦ ዩኒቨርሲቲ ለተቀጠረች ልጄ

ልጄ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መቀጠርሽን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ቤተ ዘመዱም «የመንግሥት ሥራ ነው፤ ከእንግዲህ ማን ይነካታል» እያለ ይመርቅሻል። ምርቃቱን ተቀበዪ፤ አባባሉን ግን እንዳለ አትውሰጂው። በዚያ ቤት ለሠራተኛ ጥሩ ጥበቃ አለ። ጥበቃው ግን ራሱ መጥቶ በርሽን አያንኳኳም። ጠይቀሽ፣ በጽሑፍ ጠይቀሽ፣ ቀኑ ሳያልፍ ጠይቀሽ ነው የሚገኘው። እኛ ደግሞ በደልን መቻል ጨዋነት፣ መብትን መጠየቅ ዓይን አውጣነት ነው እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። የሥራ ዘመኔን በዚህ አገር በሠራተኛነትም በማኅበር ተወካይነትም አሳልፌያለሁ። ወገኖቼ ሲጎዱ ያየሁት ብዙውን ጊዜ መብት ስላልነበራቸው አይደለም፤ የነበራቸው መብት ዝም ባሉበት ስላለፈባቸው ነው። ስለዚህ የማውቀውን በቁጥር ጻፍኩልሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ማን እንደቀጠረሽ ለይተሽ እወቂ።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሥር ካምፓሶችና ትልልቅ ሆስፒታሎች ያሉት አንድ ቀጣሪ ነው። የተመሠረተው በ1868 ነው። የስቴቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 አስተዳደሩን «ሪጀንትስ» ለሚባለው ቦርድ ሰጥቶ ራሱን የቻለ ተቋም አድርጎታል። ይህ ነፃነት ትምህርቱን ከፖለቲካ ለመጠበቅ የታሰበ ነው፤ ለሠራተኛው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው መዘዝ አለው። በስቴቱ ውስጥ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከሚመካባቸው የሥራ ሕጎች ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲውን አያስገድዱትም። በ2021 አንድ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት የስቴቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ እንኳ ዩኒቨርሲቲውን አይገዛውም ብሎ ወስኗል። አድልዎን የሚከለክለው ሕግ፣ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግና የሥራ ላይ ደኅንነት ሕግ ግን ይይዙታል።

ከዚህ የምትወስጂው ትምህርት አንድ ነው። ሬስቶራንት የምትሠራው ጓደኛሽ ትርፍ ሰዓቷ ሳይከፈላት ሲቀር የስቴቱን ሕግ ትጠቅሳለች። አንቺ አስቀድመሽ የምትገልጪው ማኅበርሽ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተፈራረመውን የኅብረት ስምምነት ነው። ስለ ፈረቃ፣ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ትርፍ ሰዓት፣ ስለ ቅጣት፣ ስለ ዝውውር የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው። ማኅበር የሌለው የሥራ መደብ ላይ ከሆንሽ የዩኒቨርሲቲው የራሱ የሠራተኛ ፖሊሲ ይገዛሻል፤ እሱም የቅሬታ መንገድ አለው።

በዚያው ግቢ ውስጥ መኪና የሚያቆሙ፣ ጥበቃ የሚሠሩ፣ ወለል የሚያጸዱ ወገኖቻችን አንዳንዶቹ የኮንትራክተር ሠራተኞች ናቸው። የደመወዝ ወረቀታቸው ላይ ያለው የቀጣሪ ስም የሌላ ድርጅት ነው። የእነሱ መንገድ የተለየ ስለሆነ ይህን ምክር እንዳለ አትንገሪያቸው።

2. ኦረንቴሽን ላይ የማኅበሩ ሰው ሲመጣ ተቀምጠሽ ስሚ።

ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት ቡና ፍለጋ ይወጣል። በ2017 የወጣ የካሊፎርኒያ ሕግ የመንግሥት ቀጣሪዎች አዲስ ሠራተኛ ሲቀበሉ ለማኅበሩ ተወካይ ጊዜ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ያ ጊዜ ላንቺ የተሰጠ ነው። የትኛው ማኅበር ውስጥ እንደገባሽ እዚያው ትሰሚያለሽ። የጽዳት፣ የወጥ ቤትና የሕሙማን እንክብካቤ ቴክኒካል ሠራተኞች በአፍስሚ 3299 ሥር ናቸው። የቢሮ ሠራተኞች በቲምስተርስ 2010፣ የምርምርና የቴክኒክ ባለሙያዎች በአፕቲ፣ ነርሶች በካሊፎርኒያ ነርሶች ማኅበር፣ የሚያስተምሩና የሚመራመሩ ተማሪዎች ደግሞ በዩኤደብልዩ 4811 ይወከላሉ። ዩኒቨርሲቲው ከእነዚህ ጋር የመደራደር ግዴታ ያለበት በ1979 ሥራ ላይ በዋለው የከፍተኛ ትምህርት የሥራ ግንኙነት ሕግ ምክንያት ነው።

በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማንም የመንግሥት ሠራተኛ ለማኅበር እንዲከፍል አይገደድም ብሎ ወስኗል። ባትከፍዪም ውሉ ይሸፍንሻል። እኔ ግን ክፈዪ እልሻለሁ። ውሉ ሲጸድቅ ድምፅ የሚሰጠው አባል ነው፤ የሚከላከሉልሽን ሰዎች ሥራ የሚያስኬደውም መዋጮው ነው።

የሙከራ ጊዜሽ በአብዛኛው ስድስት ወር ነው። በእነዚያ ወራት ቀጣሪሽ በቀላሉ ሊያሰናብትሽ ይችላል፤ በውሉ ያለው የስንብት መከላከያ ገና አልጸናልሽም። ሰዓትሽን አክብሪ፣ ያልገባሽን ጠይቂ። በዘርሽ፣ በሃይማኖትሽ፣ በጾታሽ ወይም በእርግዝናሽ ምክንያት ማሰናበት ግን በመጀመሪያው ቀንም ክልክል ነው።

3. የራስሽ ማስታወሻ ይኑርሽ።

በገዛ ገንዘብሽ የገዛሽው፣ ማታ ይዘሽው የምትሄጂ ደብተር። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን አለ፣ ማን አጠገብ ነበር። ስሜትሽን አትጻፊበት፤ የሆነውን ብቻ ጻፊ። አለቃሽ በቃል ፈረቃ ከቀየረልሽ በዚያው ቀን አጭር መልእክት ላኪለት፦ «ዛሬ እንደተነጋገርነው ቅዳሜ በእሑድ ተቀይሮልኛል፤ አመሰግናለሁ»። ይህ ጠብ አይደለም። ከወራት በኋላ አለቃው ተቀይሮ አዲሱ ሰው «ቅዳሜ ቀርታለች» ሲል የምታሳዪው እሱን ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። የዩኒቨርሲቲው ኢሜይልና ኮምፒውተር የግልሽ አይደለም፤ ተቋሙ ሊያየው ይችላል፤ የመንግሥት ተቋም ስለሆነም ደብዳቤዎቹ በሕዝብ መዛግብት ሕግ ሊጠየቁ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ በካሊፎርኒያ ሚስጥራዊ ንግግርን ሁሉም ተነጋጋሪዎች ሳይፈቅዱ መቅዳት ወንጀል ነው። ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ ከፍተሽ ወደ አለቃ ቢሮ አትግቢ። በደል የደረሰበት ሰው በአንድ የድብቅ ቅጂ ምክንያት ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል።

4. ጥያቄ ወዳለበት ክፍል ብቻሽን አትግቢ።

ከጻፍኩልሽ ሁሉ ይህን አጥብቀሽ ያዢ።

በ1972 ቴክሳስ ሂዩስተን ውስጥ በአንድ መደብር የምሳ መሸጫ የምትሠራ ሴት ሌባ ተባለች። ዋጋው 2 ዶላር ከ98 ሳንቲም የሆነ ዶሮ ወስዳ አንድ ዶላር ብቻ ከፍላለች ተብሎ በቢሮ ውስጥ ተመረመረች። የማኅበሬ ተወካይ ይጠራልኝ ብላ ደጋግማ ለመነች፤ አልጠሩላትም። የአንድ ዶላር ዶሮ ነው የገዛሁት፣ ትንሹ ዕቃ ስላለቀ በትልቁ አስቀመጥኩት አለች። ተጣርቶ እውነቷን ሆነ። ሴትየዋ ግን በዚያ ጭንቀት መካከል እያለቀሰች ከመደብሩ በነፃ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ምሳዬን ብቻ ነው አለች። መርማሪዎቹ ወዲያው ሌላ ምርመራ ከፈቱባት፤ የበላሻቸውን ምሳዎች ክፈዪ አሏት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1975 ተወሰነ፦ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል ብሎ በአግባቡ የሚሰጋ ሠራተኛ በምርመራው ላይ የማኅበር ተወካይ አብሮት እንዲገኝ መጠየቅ ይችላል። በመደብሩ ስም «ዋይንጋርተን» የሚባለው መብት ይህ ነው። በካሊፎርኒያ ላሉ የመንግሥት ሠራተኞችም ይሠራል።

አለቃሽ ይህን መብት ሊያስታውስሽ አይገደድም። መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ። ስትጠሪ «ይህ ውይይት ወደ ቅጣት ሊያመራ ይችላል ወይ?» በዪ። አዎ ካሉሽ ወይም መልሱ ከተድበሰበሰ «ተወካዬ እስኪመጣ ጥያቄ አልመልስም» በዪና ተቀመጪ። ጥለሽ አትውጪ፤ ጥሎ መውጣት ራሱን የቻለ ጥፋት ሊሆንብሽ ይችላል። ስለ ዕለት ሥራ መመሪያ ሲሰጡሽ ወይም ሥራ ሲያሳዩሽ ግን ይህ መብት አይነሣም፤ በየሰበቡ አታንሺው።

ለእኛ ሰዎች ይህ ለምን እንደሚብስ ልንገርሽ። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል እንላለን። ገብተን ሁሉንም እንናገራለን፤ ያልተጠየቅነውንም እንጨምራለን። ትልቅ ሰው ሲቆጣን አንገታችንን እንደፋለን፤ ዓይን ዓይኑን አናይም። በአስተዳደጋችን ይህ አክብሮት ነው። ከጠረጴዛው ወዲያ ላለው ሰው ግን የጥፋተኛ ፊት ሊመስለው ይችላል። ተወካይ አብሮሽ ሲኖር ጥያቄው እንዲብራራ ይጠይቅልሻል፣ የተባለውን ይጽፋል፣ ሲጨንቅሽ እረፍት ያስወስድሻል። እንግሊዝኛሽ ቢከብድሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ በሕይወትሽ ጉዳይ ላይ ግማሽ በገባሽ ቋንቋ መልስ አትስጪ።

ወረቀት ፈርሚ ሲሉሽ ከፊርማሽ አጠገብ «መቀበሌን ብቻ ለማረጋገጥ፤ ይዘቱን አልተስማማሁበትም» ብለሽ ጻፊ፤ ቅጂሽን ሳትይዢ አትነሺ። ሥራ ልቀቂና በሰላም እንለያይ የሚል ወረቀት ካመጡ ግን በዚያች ቀን አትፈርሚ። በፈቃድሽ ከለቀቅሽ አብዛኛው መከላከያሽ አብሮሽ ይለቃል።

5. ከሥራ ልናሰናብትሽ ነው ቢሉሽ ገና አላለቀም።

በዚያው በ1975 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስኬሊ የሚባል የስቴቱን ሐኪም ጉዳይ ወስኗል። ከምሳ ሰዓቱ ይዘገያል በሚልና በሌሎች ክሶች አስቀድሞ መልስ የመስጠት ዕድል ሳያገኝ ተባርሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ የመንግሥት ሠራተኛ ከመባረሩ በፊት ማስታወቂያ፣ ምክንያቱ፣ የተመሠረተበት ማስረጃ ቅጂና መልስ የመስጠት ዕድል ይገባዋል አለ። ስለዚህ የስንብት ሐሳብ ደብዳቤ ሲደርስሽ የመልስ ቀን አለው ማለት ነው፤ የሚቆጠረውም በጣት ነው። በዚያው ዕለት ለማኅበሩ ደውዪ። ደብዳቤውን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ሱባኤ የገባ ሰው አውቃለሁ፤ ከሱባኤው ሲመለስ ቀኑ አልፎ ነበር። ጸሎቱንም መልሱንም አብሮ ማድረስ ይቻላል።

6. ታዘዢ፣ ከዚያ ቅሬታ አቅርቢ።

ትእዛዙ ውሉን የሚጥስ ቢመስልሽ እንኳ ፊት ለፊት እምቢ አትበዪ። «እሠራዋለሁ፤ ግን ከውሉ ጋር አይስማማም ብዬ አምናለሁ» በዪና ሥራውን ሠርተሽ ቅሬታ ጻፊ። እምቢታ ክርክሩን ከእነሱ ጥፋት ወደ አንቺ አለመታዘዝ ያዞረዋል። ለሕይወትሽ ወይም ለሕመምተኛው አደገኛ የሆነ፣ ወይም ሕገ ወጥ ትእዛዝ ግን ከዚህ ውጭ ነው።

የቅሬታ ጊዜ በብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲው ውሎች 30 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ድርጊቱን ካወቅሽበት ቀን ነው። የራስሽን ውል አንቀጽ ፈልገሽ ቁጥሩን በደብተርሽ የመጀመሪያ ገጽ ጻፊ። ቀጣሪው በማኅበር ጉዳይ ቢበቀልሽ አቤቱታው ለስቴቱ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ግንኙነት ቦርድ ይቀርባል፤ ገደቡ ስድስት ወር ነው።

7. ለቅሶ፣ በዓልና ቋንቋ።

ከ2023 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ ቢያንስ 30 ቀን የሠራ ሰው የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም፣ እኅት፣ አያት፣ የልጅ ልጅ ወይም አማት ሲሞትበት እስከ አምስት ቀን የለቅሶ ፈቃድ ይሰጠዋል። አክስትና አጎት በዝርዝሩ የሉም። ያሳደገችሽ አክስትሽ መሆኗን ሕጉ አያውቅም፤ ስለዚህ በዓመት ፈቃድሽ ወይም በውልሽ በኩል መጠየቅ አለብሽ። በሕይወት ሳለች ታማ ልታስታምሚያት ከፈለግሽ ግን መንገድ አለ። በዚያው ዓመት የተሻሻለው የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ በዓመት አንድ «የተሰየመ ሰው» እንድትመርጪ ይፈቅድልሻል፤ ዘመድሽ ወይም እንደ ቤተሰብ የምታዪው ሰው ሊሆን ይችላል። አንድ ዓመት ከሠራሽና በ12 ወር ውስጥ 1,250 ሰዓት ከሞላሽ እስከ 12 ሳምንት ሥራሽ ተጠብቆ ይቆይሻል።

መርዶ ሲመጣ የእኛ ሰው ቲኬት ቆርጦ አዲስ አበባ ይገባል፤ ፈቃዱን የሚያስበው ከተዝካሩ በኋላ ነው። ይህን አታድርጊ። ሳይፈቀድልሽ በተከታታይ የሥራ ቀናት ብትቀሪ ሥራሽን ትተሽ እንደሄድሽ ተቆጥሮ ልትሰናበቺ ትችያለሽ። ከአውሮፕላን ማረፊያም ቢሆን በጽሑፍ አሳውቂ፣ መልስም ጠብቂ። የመመለሻ ቀንሽ ከተገፋም አስቀድመሽ ጻፊ።

ገና በጃንዋሪ 7 ነው፤ ጥምቀት ደግሞ በ19 ወይም በ20። ፈረቃው ሳይወጣ ከወራት በፊት ጠይቂ። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፔንሲልቬንያ እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ቀጣሪ የሃይማኖት ጥያቄን በትንሽ ወጪ ሰበብ ሊከለክል አይችልም፣ ሥራውን በእውነት የሚያከብድ መሆኑን ማሳየት አለበት ብሏል። ለጁምዓ ሶላትም፣ ለዒድም፣ ለሒጃብም፣ ለአንገት መስቀልም ያው ነው። ሁልጊዜ ይፈቀድልሻል ማለት አይደለም፤ ጥያቄሽን ሳያዩ ሊጥሉት አይችሉም ማለት ነው። በዕረፍት ሰዓት ከጓደኛሽ ጋር በአማርኛ ወይም በትግርኛ ስታወሪ «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል አለቃም ቢያጋጥምሽ፣ የካሊፎርኒያ ሕግ እንዲህ ያለውን ደንብ በዕረፍት ሰዓት አይፈቅድም፤ በሥራ ሰዓትም ቢሆን ለሥራው የግድ መሆኑ ካልታየና አስቀድሞ ካልተነገረ አይፈቅደውም። ሕመምተኛ ፊት ግን ሕመምተኛው በማይሰማው ቋንቋ አታውሪ፤ ይህ ከሕግ በፊት ምግባር ነው።

8. ከተጎዳሽ በዚያው ቀን ተናገሪ።

ሕመምተኛ ስታነሺ ወገብሽ ቢያምሽ ነገ ይሻለኛል አትበዪ። የጉዳት መጠየቂያ ቅጹ ዲደብልዩሲ 1 ይባላል፤ ቀጣሪው ጉዳቱን ባወቀ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰጥሽ ይገባል። ቅጹን ሞልተሽ ከመለስሽ በኋላ ጥያቄሽ እስኪወሰን ድረስ እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ሕክምና ሊፈቀድልሽ ይገባል። በ30 ቀን ውስጥ አለማሳወቅ መብትሽን ሊያሳጣሽ ይችላል።

9. በክብርሽ ለሚመጣ ሰው ሽማግሌ አትቀበዪ።

ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ በሽምግልና የምቀመጥ ሰው ሆኜ ነው። አንዲት የአገራችን ልጅ ነበረች፤ መሥሪያ ቤቷን አልጠቅስም። ፈረቃ የሚደለድላት ሰው እጁን ይሰድባታል፤ ስትሸሸው የሌሊት ፈረቃ ያበዛባታል። ሰውየው የእኛው ወገን ነበረ፣ ቤተ ክርስቲያንም የሚታወቅ። ልትከስ ስትል ሽማግሌዎች ቤቷ ሄዱ። የሰው እንጀራ አትዝጊ፣ ልጆች አሉት፣ የአበሻ ስም ይጠፋል አሏት። እሷም አክብራቸው ተወችው። ሰውየው ሌላ ልጅ ላይ ዞረ።

ሽምግልና ለተጣሉ እኩዮች ነው። በአንቺ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው በገላሽ ሲደራደር እዚያ ላይ የሚታረቅ ነገር የለም። እኔም ብሆን መጥቼ ዝም በዪ ብልሽ አትስሚኝ። የጾታ ትንኮሳን ለሚመለከተው የዩኒቨርሲቲው የታይትል ናይን ቢሮ አመልክቺ። ለስቴቱ የሲቪል መብቶች መሥሪያ ቤት ለማመልከት ሦስት ዓመት፣ ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን በካሊፎርኒያ 300 ቀን አለሽ። ማመልከቻሽን ሰምተው ቢበቀሉሽ በቀሉ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው፤ እሱንም ጻፊ።

የሕዝብ ገንዘብ ሲሰረቅ ወይም ሕመምተኛን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ሲደበቅ አይተሽ ብትጠቁሚም እንዲሁ ትጠበቂያለሽ። የበቀል አቤቱታውን በ12 ወር ውስጥ ለዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ማስገባት ነው።

10. ማኅበሩን ሲቸግርሽ ብቻ አታስታውሺው።

በኖቬምበር 2022 የዩኒቨርሲቲው ወደ 48 ሺህ የሚጠጉ ተማሪ-ሠራተኞችና ተመራማሪዎች ሥራ አቁመው ለስድስት ሳምንታት ያህል ቆዩ፤ ከፍተኛ የደመወዝ ጭማሪም አገኙ። የአንድ ሰው ብርታት አልነበረም። የቤት ኪራዩ ያስመረራቸው ሰዎች ስብሰባ ስለሄዱ፣ ስልክ ስለተደዋወሉ፣ ድምፅ ስለሰጡ ነው። የእኛ ሰዎች ዕድርና ዕቁብ እያስተዳደሩ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ የማይታዩት ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ መዝገብ መያዝና ሰው ማሰባሰብ እንደ እነሱ የሚያውቅ የለም።

ውሉ ሲያልቅ ማኅበሩ ምን እንዲጠየቅ ትፈልጊያለሽ የሚል መጠይቅ ያሰራጫል። ሥራ በዝቶብኝ ብለሽ አትለፊው። ያሳደገች አክስት ለቅሶ በውሉ ውስጥ ስሟ ተጠርቶ እንዲገባ ጻፊበት። አብረውሽ የሚሠሩ ሜክሲኳውያንም ፊሊፒናውያንም አክስት ያሳደገቻቸው አይጠፉም፤ ወረቀቱን ይዘሽ በዕረፍት ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጪና እነሱም እንዲጽፉት ጠይቂያቸው።